ከሦስቱ አንዱ

አንድ አዋጅ ነጋሪ በሰፊ ወንዝ ዳር በምትገኝ አገር ይኖር ነበር። ስሙ አጥናፉ ይባላል። ነጋሪቱን ጎስሞ አንድ ጊዜ አፉን ከከፈተ፣ በገበያ መካከል የሚያናፋ አህያ እንኳ ዝም ይል ነበር ብለው የሚያጋንኑ አሉ። ግብር ሲጣል፣ ትልቅ ሰው ሲሞት፣ የጠፋ ከብት ሲፈለግ፣ አገሩ ነገሩን የሚሰማው ከእሱ አፍ ነው። ሀብት አልነበረውም። የሚኮራበት ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ከአባቱ በወረሰው ነጋሪት ላይ ሐሰት ተናግሮ አያውቅም።

በዚያች አገር አብዛኛው ሕዝብ የሚያድረው በንጉሡ የሥራ ቤቶች ነው። አንዱ እንጨት ይጠርባል፣ አንዱ ቆዳ ያለፋል፣ አንዱ ይሸምናል፣ ሌላዋ ትጠልፋለች። ሁሉም ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ይሠራል። ድካሙ እኩል ነው፤ ደመወዙ ግን እኩል አልነበረም። ከአሥር ሠራተኛ አንዱ ቤት የሚያሠራ፣ ልጅ የሚያስተምር፣ ለክፉ ቀንም የሚተርፍ ደመወዝ ያገኛል። እንዲህ ያለውን ሰው «እጀ ሙሉ» ይሉታል። የቀሩት ዘጠኙ የዕለት እራታቸውን ይዘው ይገባሉ፤ በማግስቱም ያንኑ እራት ፍለጋ ይወጣሉ።

ከወንዙ ማዶ ባለው አገር ግን ከሦስት ሠራተኛ አንዱ እጀ ሙሉ ነው ይባል ነበር። ይህ ወሬ በነጋዴዎች አፍ ወንዙን ከተሻገረ ወዲህ የወጣቱ ልብ ሸፈተ። መጀመሪያ ደፋሮቹ ሄዱ። ቀጥሎ የደፋሮቹ ወንድሞችና እኅቶች ተከተሉ። በኋላ ደግሞ ከቀያቸው ንቅንቅ ይላሉ ተብለው የማይጠረጠሩት ዝምተኞቹ መሄድ ጀመሩ። የአጥናፉ አንዲት ልጅ ትርንጎ ከእነዚህ ዝምተኞች አንዷ ነበረች።

ትርንጎ ጥልፍ ጠላፊ ናት። ከጎኗ የምትቀመጥ አንዲት አሮጊት ነበረች። አሮጊቷ ከልጅነቷ ጀምራ በዚያው ደመወዝ ስትጠልፍ ኖራ፣ አንድ ጠዋት ክር በመርፌ ማግባት ሲያቅታት ያለ አንዳች ነገር ተሰናበተች። ያን ዕለት ትርንጎ ቤት ገብታ እራቷን አልበላችም። በሳምንቱ ለመሄድ መቁረጧን ለእናቷ ለማንያህልሻል ነገረች። እናትየው አለቀሰች፣ ለመነች፣ ዘመድ አማላጅ ላከች። አባትየው ግን ምን ብሎ ይከልክላት? «ቆዪ፣ ነገ ይሻላል» እንዳይላት፣ እሱ ራሱ በነገው ላይ እምነት አልነበረውም። እስከ ወንዙ ሸኛት። ታንኳዋ ማዶ እስክትደርስ ቆሞ አየ። ያ ድምፁ በአገር ሁሉ የሚሰማ ሰው፣ ለልጁ ስንቅ የሚሆን አንድ ቃል አጥቶ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ቤት አልሆነም። ማንያህልሻል በጾም ወራት ትርንጎ የምትወደውን የሽምብራ ዓሣ ትሠራና ለጎረቤት ልጆች ታድላለች፤ ራሷ አትቀምሰውም። ለምን እንደማትቀምሰው የሚጠይቃት የለም። አጥናፉም በየትኛውም ሰፈር አውጆ ሲመለስ ዞሮ በወንዙ በኩል ይመጣል። መንገዱ ይረዝምበታል፤ ጉልበቱም እንደ ድሮው አልነበረም። ቢሆንም ከወንዙ አፋፍ ቆሞ ማዶ የሚወጣውን ጭስ ያያል። ከዚያ ሁሉ ጭስ መካከል የትኛው ከልጁ ምድጃ እንደሚወጣ ይገምታል፤ ግምቱንም በየቀኑ ይለውጣል።

በሥራውም ላይ ቀድሞ ያላየውን ያይ ጀመር። ነጋሪት ሲጎስም ዙሪያውን የሚከቡት ሽማግሌዎችና ሕፃናት ብቻ ሆኑ። መካከሉ የለም። አገሩ የፊት ጥርሱ እንደ ረገፈ አፍ ሆኖ ይታየው ነበር።

ይህን ንጉሡም አዩ። በአንድ የዘመን መለወጫ ግብር ላይ፣ ይዘፍኑና ይጨፍሩ የነበሩት ጎበዛዝትና ልጃገረዶች ቦታቸው ባዶ ሆኖ ቢያገኙት፣ ወዴት እንደ ሄዱ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። በመጨረሻ አንዱ ደፍሮ እውነቱን ነገራቸው፤ ማዶ ከሦስቱ አንዱ እጀ ሙሉ ነው፣ እዚህ ከአሥሩ አንዱ፤ ሰው ደግሞ ተስፋ ወዳየበት ይሄዳል አላቸው። ንጉሡ ክፉ ሰው አልነበሩም። ምሳቸውን አቋርጠው ብዙ ከተከዙ በኋላ በጅሮንዱን፣ ማለት የግምጃ ቤታቸውን ሹም፣ ጠሩት። በሁለት ዓመት ውስጥ በእኛም አገር ከሦስቱ አንዱ እጀ ሙሉ ይሁን፤ ያን ጊዜ ልጆቼን እጠራቸዋለሁ አሉት። በጅሮንዱ እጅ ነሥቶ ወጣ።

አጥናፉ ነጋሪቱን ይዞ ከአዳራሹ ጥግ ቆሞ ይህን ሁሉ ሰምቷል። ወደ ቤቱ ሲሄድ እንደ ወጣት ይራመድ ነበር። ለማንያህልሻል ሲነግራት፣ እሷ በመጀመሪያ አላመነችውም፤ ሁለተኛ ሲነግራት ግን ተነሥታ የትርንጎን መኝታ ማራገፍ ጀመረች።

ዓመቱ አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ። በጅሮንዱ ከሥራ ቤት ሥራ ቤት ሲመላለስ ይታያል፤ ምን እንደሚሠራ ግን የጠየቀው የለም። አጥናፉ ጠዋት ሲያልፍ በየሥራ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ያያል። ደመወዙ ሊሻሻል ነው ሲባል ሰምቶ ሥራ ፍለጋ የመጣ ይሆናል ብሎ ደስ ይለዋል። አንድ ቀን አናጺውን ጎረቤቱን ሸዋረጋን፣ በሥራ ቀን፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ምነው በደህና ነው ብሎ ቢጠይቀው፣ ሸዋረጋ «ዛሬ አልተጠራሁም» አለው። አጥናፉ ምን ማለቱ እንደ ሆነ ሊጠይቀው አሰበ። ግን ቸኩያለሁ ብሎ አለፈ። እውነቱን ለመናገር የሚያስቸኩል ነገር አልነበረውም። የናፈቀ ሰው ተስፋውን የሚያበላሽበትን ጥያቄ አይጠይቅም።

ሁለቱ ዓመት ሲሞላ በጅሮንዱ ወደ ንጉሡ ቀርቦ፣ ከቋሚ ሠራተኞችዎ ከሦስቱ አንዱ እጀ ሙሉ ሆኗል አለ። ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሥተው አቀፉት። ወዲያው አጥናፉ ተጠራ፤ የሚያውጀውም ቃል ተነገረው።

በገበያ ቀን፣ ወንዙ በሚጠብበት ሥፍራ፣ የዚህም የዚያም አገር ሰው በሚገበያይበት ሰዓት፣ አጥናፉ ከአንድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነጋሪቱን ጎሰመ። ድምፁ በዕድሜው እንደዚያ ቀን ወጥቶ አያውቅም። «በንጉሡ የሥራ ቤቶች ካሉት ቋሚ ሠራተኞች ከሦስቱ አንዱ እጀ ሙሉ ሆኗል» አለ። የታዘዘው እስከዚህ ድረስ ነበር። እሱ ግን ማዶ ማዶውን እያየ፣ «ልጆቻችን ሆይ፣ ኑ፤ ቤታችሁ ይጠብቃችኋል» ብሎ ጨመረበት።

ልጆቹም መጡ። ታንኳዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ሲያመላልሱ ዋሉ። ትርንጎ በሳምንቱ መጣች። እናቷ እግሯ ላይ ስትወድቅ ትርንጎ ልታነሣት አልቻለችም፤ ሁለቱም ተቃቅፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። አጥናፉ ከጎናቸው ቆሞ የልጁን ጓዝ ይዞ ነበር፤ የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገብቶት ይዞት ቆየ።

በነዚያ ቀናት ጨዋታ መካከል ትርንጎ ማዶ ስለ ነበራት ኑሮ አወጋቻቸው። የጥልፍ ቤቷ እመቤት ወድዳታለች፤ በሚመጣው ዓመት የጠላፊዎች አለቃ ልታደርጋት፣ እጇንም ልትሞላላት ቃል ገብታላት ነበር። ጓደኞቿ፣ ቆዪ አጣሪ፣ አትቸኩዪ ብለዋታል። እናቷ ይህን ስትሰማ ደንግጣ፣ ታዲያ ለምን መጣሽ አለቻት።

«ሌላ ሰው ቢያውጀው ኖሮ አጣራ ነበር» አለች ትርንጎ። «የአባባ ድምፅ ነው፤ ምኑን አጣራዋለሁ?»

አጥናፉ ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ በላይ ያስደሰተው ነገር በሕይወቱ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ከዚያ በላይ ያቃጠለው ነገር አልነበረም።

ትርንጎ ጠዋት ጠዋት ወደ ጥልፍ ቤት ትሄዳለች፤ ማታ ትመለሳለች። ሥራው እንዴት ነው ሲሏት ደህና ነው ትላለች። አንዳንድ ቀን ገንዘብ ይዛ ትገባለች፤ አንዳንድ ቀን ገና አልተከፈለንም ትላለች። አንድ ጠዋት አጥናፉ ስለሚመጣው የወንዝ ሙላት ለማወጅ በጥልፍ ቤቱ በኩል ሲያልፍ፣ በሩ ላይ ብዙ ሰው ቆሞ አየ። የቤቱ ተቆጣጣሪ ወጥቶ በያዘው ዘንግ፣ አንቺ፣ አንቺ፣ አንተ እያለ ጥቂቶቹን ጠቁሞ አስገባና በሩን ዘጋው። የቀሩት ከወዲያ ወዲህ ተያዩ፤ ከዚያም የሚሄዱበት ስለሌላቸው በጥላው ሥር ተቀመጡ። ከሚቀመጡት መካከል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የሸፈነች አንዲት ሴት ነበረች። አጥናፉ ፊቷን አላየም። አንድ እግሯ ላይ ብቻ ተደግፋ ወደ መሬት ዝቅ ስትል ግን፣ ያ የእናቷ አኳኋን ነውና፣ አወቃት።

አልጠራትም። እሷም ያየችው አይመስልም፤ ወይም አይታው አንገቷን ደፍታለች። ዞር ብሎ ከአጥሩ ጥግ ሲቆም ሸዋረጋን አገኘው። በዚህ ጊዜ ጠየቀው።

ሸዋረጋም ነገሩን እንዲህ ሲል አስረዳው። በእነሱ የእንጨት ሥራ ቤት አሥር አናጺዎች ነበሩ፤ ዘጠኙ ባለ ትንሽ ደመወዝ፣ አንዱ አለቃቸው እጀ ሙሉ። በጅሮንዱ መጣና ከዘጠኙ ሰባቱን ከቋሚ ሥራ አስወጣቸው። ከእንግዲህ የቀን ሠራተኛ ናችሁ፣ ስትፈለጉ ትጠራላችሁ ተባሉ። ውስጥ ሦስት ሰዎች ቀሩ። በየሥራ ቤቱም የሆነው ይኸው ነው።

«ከሦስቱ አንዱ እጀ ሙሉ ነው» አለ ሸዋረጋ። «ያው ድሮም እጀ ሙሉ የነበረው አለቃችን።»

«የሌላውስ ደመወዝ አልጨመረም?»

«የማን ይጨምር? ባለፈው ልነግርህ ፈልጌ ነበር፤ ቸኩለህ አለፍህ።»

አጥናፉ የወንዙን ሙላት ሳያውጅ በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤት ሄደ። በጅሮንዱ በትሕትና ተቀበለው፤ ለልጁ መመለስም እንኳን ደስ ያለህ አለው። አጥናፉ ግን በነጋሪቱ ላይ ሐሰት እንዲናገር ለምን እንዳደረገው ጠየቀው። በጅሮንዱ አልተቆጣም። በአዋጁ ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል የለችም፤ ቋሚ ሠራተኞች ነው ያልኸው፤ ወደየሥራ ቤቱ ግባና ራስህ ቁጠር አለው።

«ጌታዬ፣ በር ላይ የቆሙትስ?»

«በር ላይ የቆመ ሰው ሠራተኛ አይባልም» አለ በጅሮንዱ።

አጥናፉ ከዚያ ወጥቶ እንዴት ቤቱ እንደ ደረሰ አያውቅም። ትርንጎ በተለመደው ሰዓት ስትመለስ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ጠዋት እንዳያት ነገራት። እሷም ከዚያ ወዲያ አልደበቀችም። ከመጣች ጀምሮ የገባችበት ቀን ካልገባችበት እንደሚያንስ፣ ያልገባች ቀን በጥላ ሥር ውላ እንደምትመጣ ነገረችው። ከዚያ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠየቀችው።

«አባባ፣ አንተም አላወቅህም ነበር?»

አላወቅሁም ቢላት ታምነው ነበር። ነገሩም ከሐሰት የሚቆጠር አልነበረም። አጥናፉ ግን መሬት መሬቱን እያየ፣ «ላውቅ እችል ነበር» አላት። «በየቀኑ በአጠገባቸው ነው የማልፈው። መጠየቅ አልፈለግሁም። ናፍቀሽኝ ነበር።»

ትርንጎ አለቀሰች። ተቆጥታ ይሁን ወይም አዝናለት፣ እሱ ሊለየው አልቻለም።

ማዶ ያለችው እመቤት ቦታዋን ለሌላ እንዳልሰጠች፣ ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ሳይሞላ ከተመለሰች እንደምትቀበላት ለትርንጎ ልካላት ነበር። ይህን ማንያህልሻል ስትሰማ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። ልጄ ከዓይኔ ሥር ትሁንልኝ፤ እጇ ይሙላም አይሙላም እኔ ምን ቸገረኝ፤ ያለንን ተካፍለን፣ ከጎደለም አብረን ተርበን እንኖራለን አለች። ባሏንም ለብቻው ጠርታ፣ ለማንም ምንም እንዳይናገር፣ ቢያንስ ወንዙ እስኪሞላ ዝም እንዲል ለመነችው። ወንዙ ከሞላ መሄድ አይቻልም። አንድ ክረምት ብቻ ልጠግባት አለችው። አጥናፉ እምቢ የሚልበት አንጀት አላገኘም። ቀናት አለፉ፤ ዝም አለ። ልጁን በየማታው ያያታል። በየማታው ደግሞ ደስታው ከጉሮሮው አልወርድ ይለዋል።

ታንኳዎቹ ግን መምጣታቸውን አላቆሙም። አንድ ከሰዓት በኋላ አጥናፉ በልማዱ በወንዙ በኩል ሲያልፍ፣ አንድ ወጣት ከሚስቱ ጋር ከታንኳ ወረደ። ሚስቲቱ የወራት ሕፃን አዝላለች። ወጣቱ ነጋሪቱን አይቶ ሰውየውን ለየውና ጓዙን ጥሎ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ።

«እርስዎ ነዎት?» አለው። «ማዶ ሆነን ድምፅዎን ሰማን። ቤታችንን ሸጠን መጣን።»

አጥናፉ ወጣቱን ከመሬት አነሣው። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ተኝቷል። አጥናፉ ያንን የተኛ ፊት እያየ፣ የእኔ ናፍቆት የስንቱን ቤት አፈረሰ ብሎ አሰበ።

ማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ጠዋት ለማንያህልሻል ምን ሊያደርግ እንደ ሆነ ነገራት፤ ስለ ሕፃኑም ነገራት። ያለ ትእዛዝ ያወጀ አዋጅ ነጋሪ ምላሱ እንደሚቆረጥ ሁለቱም ያውቃሉ። ትርንጎም ትሄዳለች። ማንያህልሻል እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ነጋሪቱን ከተሰቀለበት አወረደችው፤ በቀሚሷ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው፤ ሰጠችውም።

አጥናፉ ከዚያው ድንጋይ ላይ ወጣ። ይህን ጊዜ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማዶ ግን ደረሰ።

«ስሙ፤ ላልሰማ አሰሙ። ባለፈው የነገርኋችሁ ቁጥር፣ በየሥራ ቤቱ ውስጥ የቀሩትን ብቻ የቆጠረ ነው። ከአሥሩ ሰባቱ ወጥተው ሦስቱ ቀሩ እንጂ፣ የማንም ደመወዝ አልጨመረም። ማዶ ያለህ ባለህበት ቆይ። የመጣህ፣ መመለስ ከቻልህ ተመለስ። ይህን ንጉሡ አላዘዙኝም። የምናገረው እኔ አጥናፉ ነኝ።»

ከማዶ የመጣው ሰው ሁሉ ወደ ታንኳዎቹ ሮጠ። ጭፍሮች መጥተው አጥናፉን ሲይዙት ትርንጎ ጓዟን ይዛ ደርሳ ነበር፤ የጭፍሮቹም አለቃ ልጅ ያለው ሰው ነበርና እስክትሰናበተው ታገሰ። ጉልበቱን ስማ ቀና ስትል፣ በመጀመሪያው ጊዜ ያጣውን የመሸኛ ቃል በዚህ ጊዜ አላጣውም።

«ሂጂ ልጄ» አላት። «ከእንግዲህ የእኔም ድምፅ ቢሆን፣ አጣሪ።»

ንጉሡ ሲያስጠሩት ቁጣ ብቻ ሳይሆን ኀዘንም ነበራቸው። የተመለሱትን ወጣቶች በመስኮታቸው እያዩ ሲደሰቱ ከርመው፣ አሁን በአንድ ቀን ሲበተኑ አይተዋል። ያለ ትእዛዜ ልጆቼን የበተንህብኝ በምን ልብህ ነው ብለው ጠየቁት።

«ጃንሆይ» አላቸው፣ «ልጄን የጠራኋት እኔ ነኝ። የመለስኋትም እኔው ነኝ። ከዚህ የባሰ ቅጣት ካለ ይፈጸምብኝ።»

ንጉሡም በጅሮንዱን አስጠርተው በየበሩ የቆመውን ሰው ከውስጡ ጋር ደምሮ በፊታቸው እንዲያስቆጥር አዘዙት። ተቆጠረ። ከአሥሩ አንዱ ነበር፤ ልክ እንደ ድሮው። ንጉሡ በንዴት ተነሥተው፣ አታለልኸኝ አሉት። በጅሮንዱም እንዲህ ሲል መለሰ፤

«ጃንሆይ፣ ቁጥር አዘዙኝ፤ ቁጥር አመጣሁ። የሰውን ኑሮ አሻሽል ቢሉኝ ኖሮ፣ ሁለት ዓመት አይበቃም፣ ከድግስዎም መቀነስ ያስፈልጋል ብዬ መናገር ነበረብኝ። እሱን ለመናገር ፈራሁ።»

ንጉሡ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እሳቸውም ቁጥሩን ሲሰሙ በጅሮንዱን ማቀፋቸውን እንጂ፣ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው የአንዱን ሠራተኛ ቤት እንኳ አለማየታቸውን አሰቡ። እንደ አጥናፉ እሳቸውም መጠየቅ አልፈለጉም ነበር። ስለዚህ የማንም ምላስ አልተቆረጠም። በጅሮንዱ ከሹመቱ ተሻረ። በየበሩ የቆሙት ወደየሥራ ቤታቸው ተመለሱ፤ ንጉሡም ረዥሙን መንገድ ጀመሩት። ድግሱ ቀነሰ። በተረፈው ገንዘብ መሣሪያ ተገዛ፤ ጥበብ የሚያስተምሩ ሰዎች መጡ። እጅ ሲሠለጥን ሥራው ዋጋ አወጣ፤ ሥራው ዋጋ ሲያወጣ ደመወዙ ጨመረ። ይህ ሁሉ በቀስታ ነበር። ብዙ ክረምት አለፈ፤ የአጥናፉም ጠጉር ነጣ።

በመጨረሻ፣ ከአሥሩ ሁለቱ እጀ ሙሉ በሆኑበት ዓመት፣ ንጉሡ አጥናፉን ጠርተው እንዲያውጅ ፈቀዱለት። እሱም የጎደለውንም አብሬ ልናገር ብሎ ለመናቸው፤ እሺ አሉት። ወንዙ ዳር ቆሞ፣ ከአሥሩ ሁለቱ ደርሰዋል፤ ስምንቱ ገና ናቸው፤ ቆጠራው ግን ሁሉንም ቆጥሯል አለ። ኑ አላለም።

ከሰሙት ጥቂቶች መጡ። ትርንጎ ከመጡት መካከል አልነበረችም። ከእነሱ ጋር የተመለሰች አንዲት ጓደኛዋ ግን መልእክቷን ይዛ መጣች። ትርንጎ ማዶ እጇ ሞልቷል፤ አግብታ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ወንዙ ሲጎድል ልጇን ይዛ ልታሳያቸው ትመጣለች፤ ትቆይ ወይም ትመለስ እንደ ሆነ ግን ገና አልወሰነችም። አጥናፉ ይህን ሰምቶ አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። ማንያህልሻል ግን ስለ እጇ መሙላትም ስለ መወሰኗም አልጠየቀችም። መልእክተኛይቱን ከጎኗ አስቀምጣ፣ ከሳች ወይስ ወፈረች፣ ሕፃኗስ ማንን ትመስላለች እያለች ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠየቀቻት።

ወዳጄ ሆይ፣ ይህ ታሪክ የሚያስተምረን የአንድ አገር ብልጽግና በሠንጠረዥ ላይ በሚጨምር ቁጥር ብቻ እንደማይለካ ነው። ከሦስቱ አንዱ ጠገበ ሲሉን፣ ሦስቱ ብቻ የቀሩት ሌሎቹ ወዴት ተደርገው ነው ብለን እንጠይቅ። የተራበውን ከማዕድ ብናስነሣው የጠገቡት ይበዙ ይመስላል እንጂ፣ የጠገበ አንድም ሰው አልተጨመረም። ሁለተኛው ትምህርት ለልባችን ነው። የምንናፍቀውን ሰው እውነት ባልሆነ ቃል ብንጠራው፣ መጥቶም ከእኛ ይርቃል፤ እውነት ነግረን ብንሸኘው ግን፣ ሄዶም ቢሆን የእኛ ነው።

አንተስ፣ አንቺስ? በምትኮሩበት ቤት፣ በምትመሩት ሥራ፣ በምትወዱት አገር፣ ሳይቆጠር በር ላይ የቆመው ማን ነው? በየቀኑ በአጠገቡ ስታልፉ፣ ቸኩያለሁ ብላችሁ ያልጠየቃችሁት ጥያቄስ የትኛው ነው?